ቀጥ ብሎ የሄደው መስመር

አሶሳ ስገባ ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ አሮጌ ላፕቶፕና አንድ ፍራሽ ነበር። ፍራሹን ከነቀምት ድረስ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ መምጣቴ ዛሬም ያስቀኛል፤ እዚህ ፍራሽ የማይሸጥ ይመስል። ያሸከመችኝ እናቴ ናት። «ሰው አገር ነው የምትሄጂው» አለችኝ። እኔም የሰው አገር ሰው ሆኜ ገባሁ፣ አራት ዓመት ሙሉም እንደዚያው ሆኜ ኖርኩ። ማንም አላስገደደኝም።

የተቀጠርኩት ኤሌክትሮኒክስ ለማስተማር ነው። ቤተ ሙከራው ውስጥ የነበሩት ኦሲሎስኮፖች፣ ማለትም በሽቦ ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሞገድ በስክሪን የሚያሳዩት መሣሪያዎች፣ በመብራት መሄድና መምጣት ተቃጥለው ጨርቅ ለብሰው ተቀምጠዋል። ተማሪዎቼ ስለ ሞገድ የሚማሩት በጠመኔ ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ ጉብታ እሥላለሁ፣ እነሱ ጉብታውን ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ፤ አንዳንዱ የግመል ሻኛ ያስመስለዋል። እያየሁ እበሽቅ ነበር።

ብሽቀቴን ያበረደልኝ ከኢንተርኔት በነፃ ያወረድኩት አንድ ፕሮግራም ነው። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። አንድን የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ኮምፒውተር ላይ ነድፈው ሲሙሌሽን ሲያስኬዱት፣ ማለትም ሳይገጣጥሙት እዚያው ሲሞክሩት፣ ውጤቱ የቁጥር ክምር ሆኖ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል፤ ሰው አንብቦ የማይጨርሰው ክምር። ፕሮግራሙ ያን ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ሁሉ መስመር ያደርገዋል። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ መስመሮች ከግራ ወደ ቀኝ ይዘረጋሉ፤ መስመሩ ከላይ ከሆነ ኃይል አለ፣ ከታች ከሆነ የለም። በግራ በኩል የየሽቦው ስም ተደርድሯል። አንዲቷን ቅጽበት ማጉላት፣ ወደ ኋላ መመለስ፣ ሁለት መስመሮችን አጠጋግቶ የትኛው ቀድሞ እንደተነሳ ማየት ይቻላል። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ያዩት ቀን «ይሄ ነው እንዴ?» አሉ፤ ወራት ሙሉ የግመል ሻኛ ሲሥሉ ከርመው።

የፕሮግራሙ የውስጥ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ሰው ያነበዋል፣ ደስ ያላለውን ይቀይራል፣ የቀየረውን ለሌላው ያካፍላል። የሚጠግኑት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከአንዱ ውቅያኖስ ማዶ ተቀምጦ፣ ያለ ደመወዝ። ይሄ ነገር ከፕሮግራሙ በላይ ልቤን ነካው። የሚወያዩበትን ገጽ እየከፈትኩ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ አነብ ነበር። አንዱ የመስመሩ ቀለም ይቀየር ይላል፣ ሌላው እንዳይነካ ይላል፣ በዚህ ብቻ ሃያ መልእክት ይጻጻፋሉ። እኔ አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን፣ የሚቋረጥበት ጊዜ አያንስም፣ የት ደርሰው ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ጓደኞቼ እነሱ ነበሩ፤ እነሱ ግን መኖሬንም አያውቁም።

አጠገቤ ሰው አልነበረም ማለቴ አይደለም። የተከራየሁት ቤት ግቢው በቀርከሃ የታጠረ፣ መሀሉ ላይ ሁለት የማንጎ ዛፎች የቆሙበት ነው። የግቢው ባለቤት ብቻቸውን የሚኖሩ የበርታ ብሔረሰብ እናት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሆሞሻ ከተማ አግብታ ትኖራለች። አማርኛን የለመዱት ገበያ ላይ ነው፤ ለእሳቸው ወንዱም ሴቱም «አንተ» ነው። እኔንም «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ እኔ «እማማ» እላቸዋለሁ። ከእኔ በር እስከ እሳቸው በር ሃያ እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የማሽላ ገንፎ በባሚያ ሠርተው ይጠሩኝ ነበር። «አንተ፣ ና ብላ!» ይላሉ በራቸው ላይ ቆመው፣ ጎረቤት እስኪሰማ። እኔ አንድ ቀን «በልቻለሁ»፣ አንድ ቀን «ሥራ አለብኝ»፣ አንድ ቀን «ሆዴን አሞኛል» አልኩ። ነገሩ ሃይማኖት አይደለም፤ እሳቸው ሙስሊም እኔ ጴንጤ ብንሆንም ገንፎው ውስጥ ሥጋ የለበትም። ነገሩ ዓይነ አፋርነት ነው፤ ትንሽ ጠለቅ ብሎ ላየው ደግሞ ኩራት። ሰው ቤት ገብቼ ምን ላወራ ነው? ከበሉ በኋላ ስንት ደቂቃ ይቀመጣሉ? ማን ቀድሞ ይነሳል? አንድ ቀን በሰሐን ላኩልኝ። በላሁና ሰሐኑን አጥቤ ደጃፋቸው ላይ ኮቴዬን ሳላሰማ አስቀምጬ ተመለስኩ፤ ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም።

እየቆየ መጥራታቸውን ተዉት። እኔም እፎይ አልኩ። ከዚያ እሑድ እሑድ እናቴ ስትደውል «እዚህ አገር አንድም የሚጠራኝ ሰው የለም» እያልኩ አለቅስባት ነበር። የምሬን ነበር የማለቅሰው። ብቸኝነቱ እውነት ነበር፤ በገዛ እጄ አጥር ሠርቼ ውስጡ መቀመጤ ነው ያልታየኝ።

እማማ ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ይወጋሉ፤ ዐይናቸው ስለደከመ መርፌውን የሚሞሉት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ነው። ኢንሱሊን ሙቀት አይወድም። አሶሳ ደግሞ በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለን ሰው ራሱን ያበስለዋል። እሳቸው ለዓመታት መድኃኒቱን ያኖሩ የነበረው ዚር በሚሉት ትልቅ የሸክላ ጋን ውስጥ ነው። ሸክላው እያላበ ውኃውን ያቀዘቅዘዋል፤ እሳቸው ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ከውኃው ከፍ አድርገው በክር ያንጠለጥሉታል። በዚያ ኖረዋል።

ልጃቸው ትንሽ ፍሪጅ ገዝታ ስታመጣ ዚሩ ኋላ ቀር መሰለ፤ በተለይ ለእኔ። ፍሪጁ ግን ገና በሁለተኛው ሳምንት ሊቃጠል ነበር። እዚህ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወፍጮ ቤቱም፣ ብየዳ ቤቱም፣ የሁሉም ቤት ዕቃም በአንድ ጊዜ ይነሳል፤ ኃይሉ አንዴ ይንራል፣ አንዴ ይወርዳል፣ እስኪረጋጋ ድረስ ስንት ቴሌቪዥን ይዞ ይሄዳል። እማማ መብራት በመጣ ቁጥር እየሮጡ ፍሪጁን ይነቅሉታል። ከዚያ መልሰው መሰካቱን ይረሱታል።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ሰውን መርዳት የምችለው በሽቦ ብቻ ነው። ኃይሉ እስኪረጋጋ ጠብቆ ፍሪጁን የሚያገናኝ፣ ኃይሉ ሲበላሽ የሚያቋርጥ አንድ ሳጥን ነደፍኩ። አንድ ወር ሙሉ ላፕቶፔ ውስጥ የሐሰት መብራት ሳጠፋና ሳበራ ከረምኩ። በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ የኃይሉ መስመር ሲንገዳገድ፣ የሳጥኑ መስመር ታች ተኝቶ ይጠብቃል፤ ኃይሉ ሲረጋጋ ቀስ ብሎ ቀና ይላል። ያን ቀና ማለት ባየሁ ቁጥር ብቻዬን አጨበጭብ ነበር።

ሠርቼው ልገጥም የሄድኩ ቀን ቤታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ገባሁ። ፍሪጁ ከአልጋቸው ራስጌ ነው ያለው። እማማ ደስ ብሏቸው ሻይ ጣዱ። እኔ ተንበርክኬ ብሎን እያጠበቅኩ «አልቆይም» አልኩ፤ ውኃው ሳይፈላም ጨርሼ ወጣሁ።

ሳጥኑ የሆነውን ሁሉ እንዲነግረኝም ፈለግኩ። ስለዚህ ያለ ገመድ ወደ ክፍሌ መልእክት እንዲልክ አደረግኩት፤ እኔ ዘንድ ያለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ትመዘግባለች፤ መዝገቡን የሲሙሌሽን ውጤት በማይበት በዚያው ፕሮግራም እከፍተዋለሁ። ሦስት መስመሮች ነበሩ። የመጀመሪያው የግቢው መብራት፣ ሁለተኛው የእማማ ፍሪጅ፣ ሦስተኛው ለሙከራ ያስገባሁት የራሴ ክፍል አምፖል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለ እሱ ጥፋቴ አይገባም። እነዚህ ፋይሎች የሚጻፉበት የቆየ ልማድ አለ፤ የሚጻፈው ለውጥ ብቻ ነው። ሽቦው ላይ ኃይል ካለ አንድ ጊዜ «አለ» ተብሎ ይጻፋል፣ እስኪለወጥ ድረስ ስለ እሱ ሌላ ቃል አይጻፍም። ይህ ፋይሉን ያሳጥረዋል። ፕሮግራሙም የመጨረሻውን ቃል አምኖ መስመሩን ቀጥ አድርጎ እስከ ስክሪኑ ጫፍ ይሥለዋል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ነው፤ የእማማንም ሳጥን ስሠራ እንደዚያው አደረግኩት። ለውጥ ሲኖር ላክ፣ ከሌለ ዝም በል።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ መዝገቡን እከፍት ጀመር። ጠዋት መብራት ጠፍቷል፣ ሳጥኑ አቋርጧል፣ መብራት ተመልሷል፣ ሳጥኑ ጠብቋል፣ ፍሪጁ ተነስቷል። እሰይ፣ እማማ ደህና ናቸው እላለሁ። በፊት ቢያንስ በበራቸው ሳልፍ «እንዴት ዋሉ?» እል ነበር፤ እሱም እየቀነሰ መጣ። ለምን እጠይቃለሁ፣ አውቄዋለሁ።

ሚያዝያ ላይ ጉድ ተፈጠረ፤ መብራት መጥፋቱን ተወ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ «ማጥፋቱን ረስተውት ነው፣ ዝም በሉ እንዳያስታውሱ» እያሉ ይቀልዱ ነበር። ስክሪኑ ላይ የመጀመሪያው መስመር ከላይ ቀጥ ብሎ ሄደ። ሁለተኛውም ቀጥ ብሎ ሄደ። ከሥራቸው የእኔ አምፖል ብቻ ይነሳል፣ ይወድቃል። አመሻሽ ላይ በራ፣ ጠፋ፤ በማግስቱ አመሻሽ ላይ በራ፣ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ስፋት ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር እኔ ብቻ ነበርኩ። አይቼው ሆዴ ባባ። ለራሴ ነበር ያዘንኩት።

አምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ከሰዓት በኋላ የፈተና ወረቀት እያረምኩ ሳለ እማማ በሬ ላይ መጡ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንተ፣ ፍሪጅ ድምፅ የለም» አሉ።

በወጉ እንኳ ቀና አላልኩም። ላፕቶፑ አጠገቤ ክፍት ነበር። መስመሩን ገረፍ አድርጌ አየሁት፤ አረንጓዴ፣ ቀጥ ያለ፣ ከላይ።

«ይሠራል እማማ» አልኩ። «እዚህ ይታየኛል።»

«ውኃ ቀዝቃዛ አይደለም።»

«ሙቀቱ ነው። በሩን ቶሎ ቶሎ አይክፈቱት።»

ወደ ስክሪኑ አዩ፤ ምን እንደታያቸው እንጃ።

«አንተ መጥቶ አያይም?»

«አያስፈልግም፣ እዚሁ ሆኜ አየዋለሁ አልኩዎት እኮ።» ድምፄ ውስጥ መሰልቸት ነበረበት። ወረቀቱ ብዙ ነበር፣ ሙቀቱም አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር፤ ሰበብ ለመደርደር አይደለም።

«ታማም፣ እሺ» አሉ። «አንተ ካለ፣ ኸላስ፣ አለቀ።» እያነከሱ ተመለሱ። እኔ ቀዩን እስኪርቢቶዬን አንስቼ በተማሪዎቼ ስሕተት ላይ ማስመር ቀጠልኩ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከእማማ ቤት ጣሳ ወድቆ ሲንከባለል ሰማሁ። ነገሬ ብዬ አልቆምኩም ነበር፤ የአጥሩ በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ነው ያነሳው ሰው እንደሌለ ልብ ያልኩት። ተመልሼ «እማማ?» አልኩ። መልስ የለም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ገባሁ። መሬት ላይ ተቀምጠው አልጋውን ተደግፈዋል፤ ይተነፍሳሉ፣ ግን አተነፋፈሳቸው የሮጠ ሰው ነው። ትንፋሻቸው የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል። ዐይናቸው ተከፍቷል፣ አያየኝም።

ጮህኩ፣ ጎረቤት መጣ፣ ባጃጅ ቆመ፣ ተሸክመን አስገባናቸው። አንዲት ጎረቤት «መድኃኒታቸውን ያዢ፣ ሆስፒታል ይጠይቁሻል» አለችኝ። ተመልሼ ፍሪጁን ስከፍተው ውስጡ ያለው አየር ፊቴን መታኝ። ሙቅ ነበር። ቤቱ ከሞቀው በላይ ሞቆ ነበር። ብልቃጡን ይዤ ወደ ባጃጁ ስሮጥ እግሬ መሬት መርገጡን አላስታውስም።

ሆስፒታል ነርሷ ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችው። ጥቃቅን ነጭ ፍርፋሪ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል።

«ይሄ መድኃኒት ተበላሽቷል። የት ነበር የተቀመጠው?» አለች።

«ፍሪጅ ውስጥ» አልኩ።

ሁለት ቀን ሰው አልለዩም። ልጃቸው ከሆሞሻ መጣች፤ ፈጣን፣ ጥርት ያለ አማርኛ የምትናገር ነጋዴ ናት። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቧ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። ጠይቀውኝ እንደነበር፣ ይሠራል ብዬ ከወንበሬ ሳልነሳ እንደመለስኳቸው። እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር። እሷ ግን ሻሿን አስተካከለች።

«በስልክ ‹ፍሪጁ እንዴት ነው?› ስላት» አለች፣ «‹አትስጊ፣ እዚህ የምታየኝ አለች› ነበር የምትለኝ። በኮምፒውተር ታየኛለች እያለች ለሰው ሁሉ ታወራለች።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ግቢው ስመለስ ሳጥኑን ፈታሁት። ጥቃቅን ጉንዳኖች መሸሸጊያ ፈልገው ውስጡ ሰፍረዋል፤ በሁለት ሽቦዎች መሀል ተጠብሰው ተጣብቀዋል። ፊውዙ ተቃጥሏል። መዝገቡን ወደ ኋላ እያጎላሁ ሄድኩ። ከሳጥኑ የመጣው የመጨረሻ መልእክት የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው፤ «አለ» ይላል። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል የለም። የሞተ ሳጥን ሞቻለሁ ብሎ አይልክም። ከታች የእኔ አምፖል እየበራ እየጠፋ ፋይሉን ስላስረዘመው የእማማም መስመር አብሮ ረዘመ። አሥር ቀን የሞተ ነገር አረንጓዴ ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ፣ ከላይ ሄደ። እኔም አምኜው ኖርኩ።

ንዴቴን የማራግፍበት ሰው አጣሁ። እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» አልኳት። ከዚያ ያን ሁሉ ጊዜ ሳነበው የኖርኩትን የውይይት ገጽ ከፈትኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፍኩ። የጻፍኩትን ሳስበው አሁንም አፍራለሁ። ፕሮግራማችሁ ዋሽቶኛል፣ በእናንተ ጥፋት ሰው ሊሞት ነው ብዬ ነበር። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው በትሕትና መለሰልኝ። ፕሮግራሙ የሚያሳየው ፋይሉ ያለውን ብቻ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ፋይልሽ ስለዚያ ሽቦ ምንም አላለም፤ ታዲያ ምን እንዲሥል ነበር የምትፈልጊው? አለኝ።

ሁለት ቀን ተናድጄ ዞርኩ፤ ልክ ስለሆነ ነው የተናደድኩት። ሰዎቹ ፕሮግራሙን የሠሩት ለሲሙሌሽን ነው። ሲሙሌሽን ውስጥ ሽቦ አይሞትም፤ ዝም ካለ ደህና ስለሆነ ነው። እዚያ ጉንዳን የለም፣ ሙቀት የለም፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠይቅ ሰው የለም። ያን ዓለም አምጥቼ የእማማ አልጋ ራስጌ የተከልኩት እኔ ነኝ።

እማማ ነፍስ ዘሩ። ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ወደ ሆሞሻ ወሰደቻቸው፤ ብቻቸውን አልተዋቸውም አለች። ቤታቸው ተቆለፈ። ግቢው ውስጥ እኔና ሁለቱ ማንጎዎች ቀረን። ያኔ ብቸኝነት የምለው ነገር እስከዚያ ቀን ስሙን ብቻ እንደማውቀው ገባኝ። ማንጎው በስሎ ይወድቃል፣ የሚለቅም የለም። በቆርቆሮው ላይ ዱብ ሲል ሁልጊዜ እማማ የመጡ ይመስለኛል።

ሆሞሻ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሮ መሄድ ይቻላል። እኔ ግን ሁለት ወር አልሄድኩም። ምን ሳደርግ ነበር? ኮድ ስጽፍ። የፕሮግራሙን አንጀት ከፍቼ አንድ ነገር ጨመርኩበት። አንድ ሽቦ ከተወሰነ ጊዜ በላይ ድምፁ ከጠፋ መስመሩ አረንጓዴ መሆኑ ይቀርና ግራጫ፣ የተቆራረጠ ይሆናል፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ለፕሮግራሙ ሰዎች ላክሁላቸው፣ ተከራከሩበት፣ አስተካክይ አሉኝ፣ አስተካከልኩ፣ ተቀበሉት። አንዱ «ጥሩ ሥራ» ብሎ ጻፈልኝ። ለአራት ዓመት የተመኘኋት ቃል ነበረች፤ ሳነባት ግን የማሳየው ሰው አልነበረኝም። ሰው በድሎ ይቅርታውን ኮምፒውተር መጠየቅ የሚሉት ይሄ ነው። ከዚህ በላይ ማምለጫ ሲያልቅብኝ አንድ ቅዳሜ ተነስቼ ሆሞሻ ሄድኩ።

እማማ ከልጃቸው ቤት ጓሮ ጥላ ሥር የገመድ አልጋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። «አንተ መጣ!» አሉ፣ እጄን ይዘው አልለቅ አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለይቅርታ ያዘጋጀሁት ንግግር ከአፌ ጠፋና ስለ አዲሱ ሳጥን ማውራት ጀመርኩ። አሁን ለውጥ ባይኖርም በየደቂቃው እንደሚልክ፣ ዝም ካለ ወዲያው እንደማውቅ፣ ጉንዳን እንደማያስገባ። እሳቸው ፊቴን እያዩ በትዕግሥት ሰሙኝ። ነገሩ ሁሉ እንዳልገባቸው አውቃለሁ። ስጨርስ የምሸሽበት ወሬ አልቆብኝ ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ያን ጊዜ ፍሪጁ መሞቁን አላወቁም ነበር?»

«አውቃለሁ» አሉ ወዲያው። «እጅ አስገባሁ። ሙቅ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ጎረቤት አይጠሩም? ለልጅዎ አይደውሉም?» ድምፄ ከፍ አለብኝ።

የጠየቅኩት ነገር ያስገረማቸው ይመስል አዩኝ።

«አንተ ‹ይሠራል› አለ። ‹ይታየኛል› አለ። እኔ ጎረቤት ጠራ፣ ለልጄ ነገረ፣ ከዚያ ሰው ሁሉ ‹ይህ ልጅ ዋሸ› ይላል። አንተ እንግዳ ነው። ብቻውን ነው፣ ሰው የለም። እኔ እንዴት አሳፍራለሁ?»

እኔን ላለማሳፈር ሲሉ የተበላሸ መድኃኒት ጠዋትና ማታ ክንዳቸው ላይ ሲወጉ ሰነበቱ፤ ስድስት ቀን፣ በሃያ እርምጃ ርቀት። ማልቀስ ጀመርኩ። እሳቸው ምን እንዳስለቀሰኝ አልገባቸውም፤ አቧራ የገባብኝ መስሏቸው በሻሻቸው ጫፍ ዐይኔን ጠረጉልኝ።

ከመንገዱ በኩል የሚኒባሱ ጥሩምባ ተሰማ። የመጨረሻው መኪና ነው፤ ረዳቱ «አሶሳ! አሶሳ!» እያለ ይጣራል። ተነስቼ ቦርሳዬን ያዝኩ።

«ሂድ» አሉኝ፤ «ደህና ነኝ።»

ፊታቸውን አየሁት። ቦርሳዬን መሬት ላይ መልሼ አስቀመጥኩና ተቀመጥኩ፤ ሚኒባሱም ሄደ።